መጠበቅ ወይስ መሄድ? ስለ አንዲስ ተራሮች አደጋና ፊልሙ ለቀረበ ጥያቄ የሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከጓደኞቼ ጋር ‹ሶሳይቲ ኦፍ ዘ ስኖው› የተባለውን ፊልም አየን። በ1972 በአንዲስ ተራሮች ላይ ስለተከሰከሰው የኡሩጓይ አውሮፕላን ነው። ሁላችንም የተስማማነው ተቀምጦ የጠበቀው ሞተ፣ ተነሥቶ የሄደው ዳነ በሚለው ነው። ታዲያ ጉልበት ሳለላቸው በመጀመሪያው ሳምንት ለምን አልሄዱም? አንደኛው ጓደኛዬ ደግሞ የሰው ሥጋ መርዝ ስለሆነ በዚያ 72 ቀን መኖር አይቻልም፣ ታሪኩ ተጋንኗል ባይ ነው። በጥር ወር ራስ ዳሽን ልንወጣ ስለተነሣን ጥያቄው ለእኛ የወሬ ብቻ አይደለም። መንገድ ብንስት ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ታሪኩ አልተጋነነም። የተሳሳተው እናንተ ያወጣችሁለት ትምህርት ነው። ስሕተቱ ተራራ ላይ ሰው የሚገድል ዓይነት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1972 (ጥቅምት 3 ቀን 1965 ዓ.ም.) የኡሩጓይ አየር ኃይል አውሮፕላን አንድ የራግቢ ቡድንን ከቤተሰቦችና ከጓደኞች ጋር አሳፍሮ ወደ ሳንቲያጎ፣ ቺሊ ይበር ነበር። ተሳፋሪና የበረራ ሠራተኛ በአንድነት 45 ነበሩ። 12ቱ በአደጋው ቅጽበት ወይም ጥቂት ቆይተው ሞቱ። 5ቱ የመጀመሪያዋን ሌሊት አላለፉም። አንዲት ወጣት በስምንተኛው ቀን አረፈች። ኦክቶበር 29 በሌሊት የወረደ የበረዶ ናዳ 8 ሰዎችን በተኙበት አፍኖ ገደለ። የመጨረሻዎቹ 3 በኖቬምበርና በዲሴምበር ሞቱ፤ ሦስቱም ቁስሉ ያመረቀዘ የእግር ሕመምተኞች ነበሩ። የተረፉት 16 ናቸው። እስቲ ሒሳቡን እንየው። ከ29ኙ ሟቾች መካከል በመጀመሪያው ሳምንት ተነሥቶ ቢሄድ ይድን ነበር የምንለው ማንን ነው? በናዳው ያለቁትን 8 ሰዎች ልትጠሩልኝ ትችላላችሁ። እውነት ነው፣ ናዳው ባሉበት የመቆየታቸው ዋጋ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ወደ ተራራው ቢወጡ ኖሮ ስምንቱ ብቻ ሳይሆኑ ሌሎቹም ያልቁ ነበር። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች አስረዳለሁ። ደግሞም ከ16ቱ ተራፊዎች በእግራቸው ከተራራው የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አሥራ አራቱን ሄሊኮፕተር ያነሣቸው ከአውሮፕላኑ ስብርባሪ አጠገብ፣ ሲጠብቁ ከነበሩበት ስፍራ ነው።

አውሮፕላኑ የወደቀበት የበረዶ ግግር ከባሕር ወለል በላይ 3,570 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ጨነቅ ካምፕ አድራችሁ የምታውቁ ከሆነ ከፍታው ከዚያ ጋር ይቀራረባል። በዚህ ከፍታ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ የሞንቴቪዴዮ፣ የባሕር ዳርቻ ልጆች ናቸው። የኡሩጓይ ከፍተኛው ቦታ 514 ሜትር ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ በሕይወታቸው በረዶ ነክተው አያውቁም ነበር። ሰውነት ለእንዲህ ያለ ከፍታ ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋሳት አምርቶ እስኪላመድ ሳምንታት ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበት ነበራቸው የምትሉት ጡንቻቸውን አይታችሁ ነው። ጡንቻው ነበረ፤ የሚያንቀሳቅሰው ኦክስጅን ግን አልነበረም። በታኅሣሥ በእግር የወጡት ሁለቱ በክብደት እጅግ ቢከሱም ደማቸው ለሁለት ወር ያህል ሲዘጋጅ ቆይቷል።

ወቅቱንም ልብ በሉ። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ኦክቶበር የፀደይ መጀመሪያ ነው። የክረምቱ በረዶ ገና አልረጋም፤ ሲራመዱበት እስከ ጭን፣ አንዳንድ ቦታም እስከ ወገብ ያሰምጣል። የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይደርሳል። የለበሱት ደግሞ ለከተማ ሽርሽር የሚሆን ጃኬትና ቀላል ጫማ ነው። ይህ ግምት አይደለም፤ ሞክረውት አይተዋል። በኦክቶበር መጨረሻ ሦስት ወጣቶች ያንኑ ልብስ ለብሰው ወደ ላይ ወጡ። አንዲት ሌሊት ውጭ አድረው ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው ተመለሱ። የአንደኛው ዓይን ከበረዶው በሚያንጸባርቀው ፀሐይ ተቃጥሎ ነበር። በኖቬምበር ተገንጥሎ የወደቀውን የአውሮፕላኑን የጭራ ክፍል ፍለጋ የሄዱትም ሜዳ ላይ ባደሩባት ሌሊት በብርድ ሊያልቁ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የሚደረግ ጉዞ መጨረሻው ይኸው ነበር፤ የሚመለሱበት ዕድል ሳይኖር።

ሌላው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመጠበቅ ውሳኔያቸው ሙሉ ምክንያት ነበረው። የሦስት አገሮች አውሮፕላኖች እየፈለጓቸው ነበር፤ በራሳቸው ላይ ሲያልፉም አይተዋል። ችግሩ የአውሮፕላኑ አካል ነጭ ሆኖ በነጭ በረዶ ላይ መተኛቱ ነው። በሊፕስቲክ ጣሪያው ላይ የድረሱልን ምልክት ሊጽፉ ሞክረው ቀለሙ አልበቃቸውም፤ ሻንጣ ደርድረውም መስቀል ሠርተዋል። ፍለጋው ከ8 ቀን በኋላ ቆመ። ይህንንም በ11ኛው ቀን ከትንሽ ትራንዚስተር ሬዲዮ ሰሙ። ጥያቄው የተቀየረው ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ባሉበት መቆየት ትክክል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የመሄድ ዝግጅት ትክክል ሆነ። ዝግጅት ነው ያልሁት፤ ዕለቱኑ መነሣት አላልሁም።

ፊልሙ 72 ቀንን ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ስለሚያሳይ፣ መጠበቁ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስላል። በእውነቱ ሥራ ነበር። የወንበሮቹን የአሉሚኒየም ዝርግ ፀሐይ ላይ አዘንብለው፣ በረዶውን በስሱ በትነውበት የሚንጠባጠበውን ውኃ በጠርሙስ ያጠራቅሙ ነበር። ከአብራሪዎቹ ክፍል የፀሐይ መከላከያውን ቆርጠው መነጽር ሠሩ። በረዶ ላይ እንዳይሰምጡ የወንበር ትራስ ከጫማቸው ሥር አሰሩ። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቀው የመኝታ ከረጢቱን ነው። በጭራው ክፍል ያገኙትን ሙቀት የሚይዝ የሽፋን ጨርቅ ከተራፊዎቹ አንዱ በሆነው በናንዶ ፓራዶ ሟች እናት የመዋቢያ ቦርሳ ውስጥ በተገኘ መርፌና ክር ሰፉት። ከወጣቶቹ አንዱ ልብስ መስፋት በልጅነቱ ከእናቱ ተምሮ ነበር። ሦስት ሰው አብሮ የሚተኛበት ያ ከረጢት ባይኖር ኖሮ የታኅሣሡም ጉዞ በመጀመሪያው ሌሊት ባበቃ ነበር። ፊልሙን ደግማችሁ ካያችሁት የስፌቱን ትዕይንት በጥሞና ተመልከቱት፤ ሐኪም ሆኜ ስናገር የዚያ ታሪክ ዋናው ሕክምና እርሱ ነው።

ዲሴምበር 12 ቀን ናንዶ ፓራዶ፣ ሮቤርቶ ካኔሳና አንቶኒዮ ቪዚንቲን ወደ ምዕራብ ተነሡ። የፊልሙ ተራኪ ኑማ ቱርካቲ የሞተው ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። በአንድ ቀን እንወጣዋለን ያሉት ተራራ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። 4,600 ሜትር ከሚያልፈው ጫፍ ላይ ሲደርሱ የጠበቁትን አረንጓዴ የቺሊ ሸለቆ ሳይሆን እስከ አድማስ የተደረደረ ተራራ አዩ። ስንቁ እንዲበቃ ቪዚንቲን ተመለሰ። ሁለቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዘው በዲሴምበር 20 ምሽት ከወንዝ ማዶ ሰርሂዮ ካታላን የተባለውን ቺሊያዊ ከብት ነጂ አዩ። ወንዙ እየጮኸ ስላላደማመጣቸው በማግስቱ ካታላን ወረቀትና እርሳስ ከድንጋይ ጋር አስሮ ወረወረላቸው፤ ማን እንደሆኑና ከየት እንደመጡ ጽፈው መለሱለት። ዳቦም ወረወረላቸው፤ ከዚያም በፈረስ ረጅም መንገድ ጋልቦ ለባለሥልጣናት አስታወቀ።

ይህን ጉዞ የምታደንቁትን ያህል አንድ ነገር እወቁ፤ አቅጣጫው የተመረጠው በስሕተት ነው። አብራሪዎቹ በተራሮቹ መካከል ያለውን የፕላንቾን ማለፊያ ተሻግረው የቺሊዋ ኩሪኮ ከተማ ላይ ለመድረስ 11 ደቂቃ ያስፈልጋቸው ነበር። ከማለፊያው ከ3 ደቂቃ በኋላ ግን ደርሰናል ብለው ሪፖርት አደረጉ፤ በደመና ውስጥም ወደ ሰሜን ዞረው ዝቅ ማለት ጀመሩ። ከአደጋው በኋላ በሞት አፋፍ የነበረው ረዳት አብራሪ ኩሪኮን አልፈናል ይል ስለነበር ተራፊዎቹ ቺሊ ከአጠገባቸው መስሏቸው ነበር። የወደቁት ግን በአርጀንቲና ምድር ነው። በስተምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሰው ያልነበረበት አንድ የፍልውኃ ሆቴል ነበር፤ መንገዱም ወደ ታች የሚያወርድ ነው። መንገደኛ «አውቀዋለሁ» ብሎ ሲነሣ እንዲህ ይሆናል። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው፣ የቱንም ያህል ቆራጥ ቢሆን፣ አቅጣጫ ሲመርጥ እየገመተ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችሁ ጥያቄ ልምጣ። የሰው ሥጋ መርዝ ነው የሚለው በሕክምና መሠረት የለውም። ለሰውነት ፕሮቲንና ስብ ነው፤ በበረዶ ውስጥም አይበሰብስም። ወደ አእምሮ በሽታ ይመራል የሚለው ወሬ የመጣው በፓፑዋ ኒው ጊኒ በአንድ ሕዝብ ዘንድ ከታየው ኩሩ ከሚባል ሕመም ነው። እርሱ ግን የሚተላለፈው ሟቹ ራሱ በሽታው ካለበት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ለመታየት ዓመታት ይወስድበታል። ከባዱ ነገር ጤናው አልነበረም፣ ኅሊና እንጂ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የተገኘው ስንቅ ጥቂት ቸኮሌት፣ ጃም፣ ከረሜላ፣ ጥቂት ፍራፍሬና ወይን ጠጅ ነበር፤ እየቆጠቡ ቢበሉትም በቀናት አለቀ። ካኔሳ ያኔ የ19 ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር (ኋላ የታወቀ የሕፃናት የልብ ሐኪም ሆኗል)። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ እንደሚበላ ለጓደኞቹ ካስረዱት አንዱ እርሱ ነው። ተራፊዎቹ እኔ ብሞት አካሌ ለእናንተ ይሁን ተባብለው ቃል ተግባብተዋል። ኋላም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባቶች በእንዲያ ያለ ጭንቅ የተደረገው ኃጢአት እንዳልሆነ ተናግረዋል። ከዚህ አልፌ በእነርሱ ላይ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ የማንም አይመስለኝም።

ሳይበሉስ 72 ቀን መቆየት ይቻል ነበር? አይቻልም። የረኀብ አድማ ያደረጉ ጤነኛ ሰዎች፣ ውኃ እየጠጡና ሙቅ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ብዙዎቹ የሞቱት ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብርድ ባለበት ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብዙ ያቃጥላል፤ ቁስል ሲጨመር ደግሞ ጊዜው እጅግ ያጥራል። ሥጋም ቢሆን ስብ ከሌለው ብቻውን አያኖርም። ስብ የሌለበት ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው እየበላ ይዳከማል፣ ተቅማጥም ይይዘዋል። ተራፊዎቹ ስቡንም በመብላታቸው ነው የቆዩት።

በፊልሙ ላይ በፍጥነት የሚያልፉ ሁለት ነገሮች ለእናንተ ጉዞ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ውኃ ነው። በረዶ በአፍ ማቅለጥ ጥም አይቆርጥም። አንድ ሊትር ውኃ የሚሆን በረዶ አቅልጦ እስከ ሰውነት ሙቀት ለማድረስ ሰውነት ከ115 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያወጣል፤ አፍና ከንፈርም ይቆስላል። በከፍታ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በትንፋሽ ብቻ ብዙ ውኃ ይጠፋል፤ ሰው ሳይጠማው ይደርቃል። ሁለተኛው ደግሞ ከረኀብ የወጣን ሰው ማብላት ነው። ለሳምንታት ምንም ያልበላ ሰው በአንድ ጊዜ ጠግቦ ሲበላ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ይወርድና ልቡ ሊቆም ይችላል። በአገራችን የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ማገገሚያ ክፍሎች ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲገባ ወፍራሙ ኤፍ-100 የተባለው የሕክምና ወተት ሳይሆን መጀመሪያ ቀጭኑ ኤፍ-75 ወተት በልክ፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እናት «ልጄ ራበው፣ ጨምሩለት» ብላ ስታለቅስ ነርሷ የማትጨምረው ጨክና አይደለም። የአንዲስ ተራፊዎች እስከ መጨረሻው ጥቂትም ቢሆን ይበሉ ስለነበር ይህ አደጋ ቀለል ብሎላቸዋል።

ወደ ራስ ዳሽን እንሂድ። ምክሬ አንድ ነው፤ መንገድ ከሳታችሁ ቁሙ። ባወቃችሁበት ቅጽበት፣ በዚያው ቦታ። «እስከዚያ ጉብታ ብቻ» እያሉ መሄድ በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳል፤ ደመና ሲወርድ ደግሞ ገደሉ አይታይም። ነፋስ የማይመታው ጥግ ፈልጉ። የረጠበ ልብስ አውልቁ። ከመሬቱ ብርድ የሚለያችሁ ነገር፣ ሣርም ሆነ ቦርሳ፣ ከሥራችሁ አንጥፉ። ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። በጥር የሰሜን ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳልና ፀሐይ ሳለች ያልተዘጋጀ ማደሪያ ማታ አይገኝም። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ከሩቅ በሚታይ ቦታ ስቀሉ፤ ሦስት ጊዜ አፏጭታችሁ፣ አዳምጣችሁ፣ እንደገና አፏጩ። ስልካችሁን ከሰውነታችሁ ጋር አሙቁት፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል። የሰሜን ተራሮች እንደ አንዲስ ሰው አልባ አይደሉም፤ ከብት ጠባቂና መንደር አለ። ስትጠብቁ ሰው የሚያገኛችሁ ዕድል ከአንዲሶቹ እጅግ የበለጠ ነው።

ከዚህ ምክር ውጭ የሚሆኑ ጥቂት ሁኔታዎች አሉ። ያላችሁበት ቦታ ራሱ የሚገድል ከሆነ፣ ለምሳሌ ድንጋይ የሚናድበት ወይም ጎርፍ የሚወርድበት ከሆነ፣ ከዚያ ራቁ። ማንም እንደማይፈልጋችሁ በእርግጠኝነት ካወቃችሁ፣ እንደ አንዲሶቹ ተዘጋጅታችሁ በቀን ብርሃን ተነሡ። ከሁሉ በላይ ግን የከፍታ ሕመም ከያዛችሁ አትጠብቁ። ራስ ምታትና ማስመለስ ከጀመረ መውጣቱን አቁሙ። ሰውየው ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዘበራረቅ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን በመጣችሁበት በምታውቁት መንገድ ይዛችሁት ወደ ታች ውረዱ። ነጋ አልነጋ ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። «ደገኛ ነኝ» ማለት አያድንም። በተለይ ከመካከላችሁ ከዱባይ ወይም ከጅዳ፣ ከባሕር ወለል አካባቢ ለእረፍት የሚመጣ ካለ፣ ደጋ ተወልዶ ቢሆንም ሰውነቱ ከፍታውን ረስቶታል። እርሱን አዲስ አበባ ጥቂት ቀናት አሳድሩት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትደርሱም የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ።

ያለ አስጎብኚና ያለ ፓርኩ ስካውት አትውጡ። ከደባርቅ ከመነሣታችሁ በፊት የት የት እንደምታድሩና በስንተኛው ቀን እንደምትመለሱ ለአንድ ቤት ለሚቀር ሰው በጽሑፍ ስጡ፤ እስከዚያ ሰዓት ካልደወልን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውል በሉት። የአንዲሶቹ ፈላጊዎች ያጡት ይህን ነው፤ የት እንደሚፈልጉ አያውቁም ነበር። መንገዳችሁን ከቀየራችሁም ለዚያ ሰው ሳትነግሩት አትቀይሩ።